ሰንሰለቱ በሰከንድ ሽራፊ፣ ብልቃጡ በሦስት ሰዓት፦ የፖሊመር እድገት የሥራ ሂደት ማስታወሻ

የሥራው ዓላማ

ሁለት ፖሊመር (ትንንሽ ሞለኪውሎች በሰንሰለት ተያይዘው የሚሆኑት ቁስ) ጎን ለጎን ይሠራል። አንደኛው ሜቲል ሜታክሪሌት ከተባለው ፈሳሽ የሚወጣው የፕሌክሲግላስ ፕላስቲክ ነው፤ ሥራዎቹ ሀ (ከአሟሚ ጋር) እና ሐ (ያለ አሟሚ) ይባላሉ። ሁለተኛው ከአዲፒክ አሲድና ከዳይኢትሊን ግላይኮል የሚበስል ፖሊኤስተር ነው፤ እሱ ለ ይባላል። የሚፈለገው መልስ አንድ ነው፦ ጊዜ በሄደ ቁጥር የሚጨምረው የሰንሰለቱ ርዝመት ነው ወይስ የሰንሰለቶቹ ብዛት?

«ፖሊመር እየቆየ ሲሄድ እየረዘመ ይመጣል» የሚለው አባባል ለፖሊኤስተሩ ልክ ነው። ለፕሌክሲግላሱ ግን ስህተት ነው፤ በዚህ ስህተት ላይ ተመሥርቶ «ትንሽ ይቆይ፣ ይጠንክር» ተብሎ የሚባክን ጊዜና ኬሚካል ብዙ ነው። ስለዚህ ከየብልቃጡ በየጊዜው ናሙና ይቀዳል፣ ይመዘናል፣ ርዝመቱም ይለካል።

ቦታው አዲስ አበባ ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ግድም ነው። መጽሐፍ ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል የተባለው ሜቲል ሜታክሪሌት እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህ ቁጥር ኋላ ዋጋ ያስከፍላል።

1ኛ ቀን። ሞኖመሩን ማጠብ

ከፋብሪካ የሚመጣው ሞኖመር፣ ማለትም የሰንሰለቱ ነጠላ ቀለበት የሚሆነው ሜቲል ሜታክሪሌት፣ መንገድ ላይ እንዳይጋግር አጋጅ ይጨመርበታል። አብዛኛውን ጊዜ ሃይድሮኪኖን ሞኖሜቲል ኤተር ነው፤ መጠኑም ከሚሊዮን ከ10 እስከ 100 እጅ። ይህ ካልወጣ ሥራው በግምት ይጀመራል።

100 ሚሊ ሊትር ሞኖመር መለያ ፈነል ውስጥ ገብቶ በ25 ሚሊ ሊትር 5 በመቶ የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውሃ ታጠበ። ሞኖመሩ ከውሃ ስለሚቀል ከላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ የወጣው የታችኛው ውሃ ቀጠን ያለ ሻይ ይመስል ነበር፤ ሁለተኛው ፈዘዝ አለ፤ ሦስተኛው ጠራ። ከዚያ በንጹህ ውሃ ሁለት ጊዜ፣ ቀይ ሊትመስ ወረቀት ሰማያዊ መሆኑን እስኪተው ድረስ። ሁለቱ ፈሳሾች ተቀላቅለው አልለይ ካሉ አንድ ቁንጥር የገበታ ጨው ይለያቸዋል። ፈነሉን አጥብቆ ከመናጥ ይልቅ ቀስ አድርጎ መገለባበጥ ይሻላል። በየመሃሉም ቧንቧውን ወደ ላይ አዙሮ ጋዙን ማስተንፈስ ያስፈልጋል።

ለማድረቅ 5 ግራም ውሃ አልባ ማግኒዥየም ሰልፌት ገባ። ዱቄቱ መጀመሪያ ይጓጉላል፤ ብልቃጡ ሲወዘወዝ ሳይጣበቅ እንደ ደቃቅ አሸዋ ሲበተን ደርቋል ማለት ነው። ከዚያ ተጠለለ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይመዝገብ። ይህ አጋጅ ሥራውን የሚሠራው ኦክስጅን ሲኖር ነው። ስለዚህ ያልታጠበ ሞኖመር በናይትሮጅን ተሞልቶ አይከደንም፤ ጠርሙሱም እስከ አፉ አይሞላም። የታጠበው ደግሞ በዕለቱ ማለቅ አለበት፤ የተረፈው ማቀዝቀዣ ይገባል። ፈሳሹ በ10 ዲግሪ አካባቢ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ስለሚሰጥ አጠገቡ እሳት አይኖርም። ጓንትን ቶሎ ሰርስሮ ስለሚያልፍ የነካው ጓንት ወዲያው ይቀየራል፤ ቆዳን የሚያስቆጣው ቀስ በቀስ ነውና በመጀመሪያው ቀን ምንም አለመሰማቱ ማስረጃ አይሆንም።

2ኛ ቀን። ሀ1፣ ያልሠራው

መጠኑ፦ ሞኖመር 40 ሚሊ ሊትር (37.5 ግራም)፣ ቶሉይን 40 ሚሊ ሊትር (34.7 ግራም)፣ አስጀማሪ 0.20 ግራም። አስጀማሪው አዞቢስአይሶብዩትሮናይትራይል ነው፤ ከዚህ በኋላ ኤአይቢኤን ይባላል። 250 ሚሊ ሊትር ባለ ሦስት አፍ ብልቃጥ፣ ማግኔት ማማሰያ፣ የውሃ ማቀዝቀዣ ቱቦ፣ 70 ዲግሪ የሆነ የዘይት ድስት።

ናይትሮጅን ለ5 ደቂቃ ከፈሳሹ በላይ ብቻ ተነፋ። ይህ ነው ስህተቱ።

ፖሊመር መፈጠሩን በዓይን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። በሙከራ ቱቦ 5 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ይቀዳል፤ ከብልቃጡ ሁለት ጠብታ ይጣልበታል። ፖሊመር ከሌለ ጠብታው ገብቶ ይጠፋል። ካለ ግን ጠብታው ሜታኖሉን በነካበት ቅጽበት እንደ ወተት ደመና ይነጣል፤ እየበዛ ሲመጣ ደግሞ ጠብታው ወደ ታች ሲወርድ ነጭ ክር እየጎተተ ይሄዳል። በ10ኛው፣ በ20ኛውና በ30ኛው ደቂቃ ሜታኖሉ ጥርት እንዳለ ቀረ። ደመናው የታየው በ33ኛው ደቂቃ ነው።

ምክንያቱ ይሰላል። ኤአይቢኤን በ70 ዲግሪ ግማሹ የሚፈርሰው በ5 ሰዓት ገደማ ነው። አንዱ ሞለኪውል ሲፈርስ ናይትሮጅን ጋዝ ይለቅና ሁለት ራዲካል (ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን ያለው፣ ለመያያዝ የሚቸኩል ቁራጭ) ይተዋል፤ ከእነዚህ ወደ ሥራ የሚገቡት ከመቶ 60 ያህሉ ናቸው፤ የቀሩት ገና ሳይላቀቁ እርስ በርስ ተጋጥመው ይባክናሉ። በዚህ መጠን በአንድ ሊትር በየሰከንዱ የሚወለደው ራዲካል የአንድ ሚሊሞል 0.00066 ያህል ነው። በዚህ ከፍታ አየር የጠጣ ቶሉይን በሊትር 1.5 ሚሊሞል ግድም ኦክስጅን ይይዛል። ኦክስጅን ካርቦን ላይ ያለን ራዲካል ከሞኖመሩ እጅግ ቀድሞ ይይዘዋል፤ የሚፈጠረው የፐርኦክሲ ራዲካልም ሞኖመር ለመያዝ በጣም ሰነፍ ነው። ስለዚህ ኦክስጅኑ ተበልቶ እስኪያልቅ ድረስ ሰንሰለት አይጀመርም። 1.5ን ለ0.00066 ማካፈል ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይሰጣል። ከ33ቱ ደቂቃ ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ላይ ላዩን የተነፋው ናይትሮጅን የወሰደው ጥቂት ብቻ መሆኑንም ያሳያል።

ሀ1 ተደፋ፤ ወደ ወንዝ ሳይሆን ወደ ቆሻሻ አሟሚ በርሜል። ጥፋቱ ከሰንሰለቱ ርዝመት ጋር አይያያዝም፤ የሰዓቱ መነሻ ግን አይታወቅምና ለፍጥነት ስሌት አይሆንም።

3ኛ ቀን። ሀ2

መጠኑ ያው ነው። የተለወጠው የናይትሮጅኑ አሰጣጥ ነው። ሞኖመሩና ቶሉይኑ ብልቃጥ ውስጥ ገብተው ብልቃጡ በረዶ ውስጥ ተቀመጠ። ረጅም መርፌ እስከ ታች ወርዶ ናይትሮጅን ለ30 ደቂቃ በፈሳሹ ውስጥ እየተንፎለፎለ አለፈ፤ ለመውጫው አጭር መርፌ በጎማው ክዳን ላይ ተሰካ። በረዶው የተፈለገው ጋዙ ሞኖመሩን በተን ይዞት እንዳይሄድ ነው፤ በክፍል ሙቀት ቢሆን የሚጎድለው ሞኖመር ስሌቱን ያዛባል። ኤአይቢኤን የተጨመረው መጨረሻ ላይ፣ በ3 ሚሊ ሊትር ቶሉይን ሟሙቶ ነው፤ ያ 3 ሚሊ ሊትር ከ40ው ላይ አስቀድሞ ተቀንሷል። ከዚያ ሌላ 5 ደቂቃ ናይትሮጅን፤ ከዚያ ወደ ዘይቱ።

የፈሳሹ ሙቀት 70 ለመድረስ 3 ደቂቃ ፈጀ። በ8ኛው ደቂቃ ሜታኖሉ ነጣ።

ናሙና በ15፣ 30፣ 60፣ 90፣ 120 እና 180 ደቂቃ ተቀዳ፤ እያንዳንዱ 5 ሚሊ ሊትር ያህል። ስሪንጁ ሁልጊዜ አስቀድሞ በናይትሮጅን ሦስት ጊዜ ይታጠባል፤ ካልታጠበ በየናሙናው ትንሽ ትንሽ አየር ወደ ብልቃጡ ይገባል። የተቀዳው አስቀድሞ ክብደቱ በታወቀና በረዶ ላይ በተቀመጠ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ የሃይድሮኪኖን ቁንጣሪ ይጨመርበትና ይመዘናል። ከናሙናው ክብደት 51.8 በመቶው መነሻው ላይ ሞኖመር የነበረ ነው፤ የተገኘው ደረቅ ፖሊመር በዚያ ይካፈላል።

ፖሊመሩን የማውጣት ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። ናሙናው በ50 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ላይ እየተማሰለ ጠብ ጠብ ይላል። የ120ና የ180 ደቂቃዎቹ ወፍራም ስለሆኑ አስቀድመው በ5 ሚሊ ሊትር አሴቶን መቅጠን ነበረባቸው። አንዱ ሳይቀጥን በአንዴ ፈሰሰና እንደ ማስቲካ ድቡልቡል ሆኖ ማማሰያው ላይ ተጠቀለለ። እንዲህ ያለው ድቡልቡል ቶሉይንና ሞኖመር ሆዱ ውስጥ ይዞ ይቀራል፤ ሲመዘን ውጤቱን በውሸት ያሳድገዋል። መፍትሔው በአሴቶን አሟሙቶ እንደገና ማውጣት ነው። በደንብ የወጣው ግን ነጭ ላባ ይመስላል። በማጥለያ ወረቀት ተይዞ በሜታኖል ታጥቦ በ60 ዲግሪ ደረቀ፤ በሁለት ተከታታይ ሚዛን መካከል ልዩነቱ ከ0.005 ግራም በታች እስኪሆን።

ወደ ፖሊመር የተለወጠው ሞኖመር፦ በ15 ደቂቃ 5.5 በመቶ፣ በ30 ደቂቃ 12፣ በ60 ደቂቃ 24፣ በ90 ደቂቃ 34፣ በ120 ደቂቃ 43፣ በ180 ደቂቃ 56። የወረቀቱ ስሌት ለመጀመሪያው ሰዓት 30 ያህል ይላል። ልዩነቱ የሚጠበቅ ነው፤ የአስጀማሪው ብቃትና ሁለት ራዲካሎች የሚጠፋፉበት ፍጥነት ከምንጭ ምንጭ ይለያያሉና።

4ኛ ቀን። ርዝመቱን መለካት

ከሦስቱ ናሙናዎች (15፣ 60፣ 180 ደቂቃ) 0.100 ግራም ተመዝኖ በአሴቶን 10 ሚሊ ሊትር ሆነ፤ ማለትም በሚሊ ሊትር 0.01 ግራም። ኡበሎዴ ቪስኮሜትር (የፈሳሽን ውፍረት በፍሰቱ ጊዜ የሚለካ ቀጭን የመስታወት ቱቦ) 25 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ቆሞ ፈሳሹ በሁለቱ መስመሮች መካከል ለማለፍ የሚወስደው ጊዜ ተለካ። አሴቶን ሲተን የፈሳሹ ውፍረት ስለሚያድግ የቱቦው አፍ ያለ ምክንያት አይከፈትም። ሦስት ተከታታይ ልክ በ0.3 ሰከንድ ውስጥ ካልተገጣጠመ አይመዘገብም። አንድ ብናኝ እንኳ ቀጭኑን ቱቦ ያዘገየዋልና ፈሳሹ አስቀድሞ ይጠለላል።

ባዶው አሴቶን 112 ሰከንድ። የ15 ደቂቃው ናሙና 149። የ60 ደቂቃው 148። የ180ው 146።

ከእነዚህ ጊዜያት ውስጣዊ ዝልግልግነቱ (ፖሊመሩ ፈሳሹን ምን ያህል እንደሚያወፍር የሚያሳይ ልክ) ይወጣል፦ በግራም 30.0፣ 29.2 እና 27.7 ሚሊ ሊትር። ለዚህ ፖሊመር በ25 ዲግሪ አሴቶን ውስጥ የሚሠራበት ቀመር ዝልግልግነቱ የሞለኪውሉ ክብደት ወደ 0.70 ኃይል ከፍ ብሎ በ0.0075 ሲባዛ የሚገኝ ነው ይላል። ወደ ኋላ ሲሰላ 140,000፣ 135,000 እና 125,000 ይሆናል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። የፖሊመሩ መጠን ከ5.5 ወደ 56 በመቶ፣ አሥር እጥፍ አድጓል። የሰንሰለቱ ርዝመት ግን አላደገም፤ እንዲያውም በትንሹ ወርዷል። በ15ኛው ደቂቃ የተቀዳው ሰንሰለት ሙሉ ቁመናውን ይዞ ያለቀ ሰንሰለት ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በ70 ዲግሪ የአንድ ሰንሰለት ጫፍ በዚህ ድብልቅ ውስጥ በሰከንድ ወደ 4,600 ሞኖመር ይይዛል። በማንኛውም ቅጽበት በማደግ ላይ ያለው ጫፍ ግን በሊትር የአንድ ሞል አንድ አሥር ሚሊዮንኛ ብቻ ነው፤ ለአንድ ሕያው ጫፍ 45 ሚሊዮን ያልተነካ ሞኖመር ይደርሰዋል። ጫፉ ከሌላ ጫፍ ጋር እስኪገናኝ የሚኖረው ዕድሜ ወደ 0.15 ሰከንድ ነው። በዚያች ጊዜ 680 ገደማ ሞኖመር ይሰበስብና ያበቃል። ከዚያ በኋላ ያ ሰንሰለት እስከ መጨረሻው እዚያው ብልቃጥ ውስጥ ቢማሰል አይረዝምም። ሦስት ሰዓቱ የሚያልፈው አዳዲስ ሰንሰለት ተወልዶ በ0.15 ሰከንድ እያለቀ፣ ሌላው እየተተካ ነው።

አጨራረሱ ሁለት ዓይነት ነው። ሁለት ጫፎች ሲገናኙ ወይ ተጋጥመው አንድ ረጅም ሰንሰለት ይሆናሉ፣ ወይ አንዱ ከሌላው ሃይድሮጅን ቀምቶ ሁለቱም በየራሳቸው ይሞታሉ። ስታይሪን አብዛኛውን በመጋጠም ያልቃል። ሜቲል ሜታክሪሌት ግን በጫፉ ካርቦን ላይ ያለው ሜቲል ስለሚያጣብበውና የሚቀማም ሃይድሮጅን ስላለው በአብዛኛው በመቀማማት ያልቃል። ስለዚህ እዚህ የሰንሰለቱ አማካይ ርዝመት ከ680 ብዙ አይርቅም፤ በስታይሪን ቢሆን እጥፍ ይጠጋ ነበር። ቪስኮሜትሩ የሚሰጠው 140,000 ከዚህ ከፍ ያለው ረጃጅሞቹ ሰንሰለቶች በዝልግልግነት ላይ ስለሚያይሉ ነው፤ በቁጥር የተወሰደው አማካይ ከዚያ ግማሹ ገደማ ነው።

የ180 ደቂቃው ትንሽ ማጠሩም ግልጽ ነው። ርዝመቱ የሚወሰነው ሞኖመሩ በአስጀማሪው መጠን ስኩዌር ሩት ሲካፈል በሚገኘው ነው። ሞኖመሩ ከግማሽ በታች ወርዷል፤ አስጀማሪው ደግሞ ገና ሁለት ሦስተኛው አለ። ስለዚህ ዘግይተው የሚወለዱት ሰንሰለቶች ያጥራሉ፤ አማካዩንም ይጎትቱታል።

5ኛ ቀን። ሀ3 እና ሀ4፣ ርዝመትን በእጅ ማዘዝ

ሀ3፦ ከሀ2 ጋር አንድ ነው፤ 0.38 ግራም ዶዴሲል መርካፕታን ብቻ ተጨመረ። ሽታው ለቀናት ስለሚቆይ ፊውም ሁድ (ተንና ሽታ የሚስብ መከለያ) ውስጥ ብቻ ይከፈታል፤ ዕቃው ሁሉ ከመታጠቡ በፊት በረኪና ውስጥ ይዘፈዘፋል። ግን አሴቶን የነካው ዕቃ በረኪና ውስጥ አይገባም፤ ክሎሮፎርም ይፈጠራል።

መርካፕታን ለሚያድገው ጫፍ ሃይድሮጅን ይሰጠዋል፤ ጫፉ ይዘጋል። የመርካፕታኑ ሰልፈር ግን ራዲካል ሆኖ አዲስ ሰንሰለት ይጀምራል። ስለዚህ ፍጥነቱ ሳይነካ ርዝመቱ ብቻ ይቆረጣል። ስሌቱ፦ የዝውውር ቁጥሩ (ጫፉ ከሞኖመሩ አንጻር ከመርካፕታኑ ሃይድሮጅን የሚወስድበት ልክ) 0.7 ገደማ፣ መርካፕታን ለሞኖመር በሞል 0.005፤ ብዜቱ 0.0035። በዚህ ላይ ያለ መርካፕታን የሚኖረው ርዝመት (ጥቂቶቹ ስለሚጋጠሙ ከ680 ትንሽ ከፍ ያለ፣ 780) ግልባጭ፣ 1 ለ780፣ ሲደመር 0.0048 ይሆናል፤ ግልባጩ 209። ማለትም ርዝመቱ ወደ ሩብ ግድም ይወርዳል።

የተገኘው፦ በ60 ደቂቃ 23 በመቶ፤ ከሀ2 አንድ ብቻ ያነሰ። ቪስኮሜትር 126 ሰከንድ፤ ዝልግልግነት 12.0፤ የሞለኪውል ክብደት 38,000 ገደማ። ከ140,000 ሩብ ትንሽ በለጥ ያለ ነው። ሲደርቅ ያለው ልዩነትም በእጅ ይታወቃል፦ የሀ2 ስስ ፊልም ሲታጠፍ ይቋቋማል፤ የሀ3 ቀጭን ፊልም በጥፍር ሲጫኑት ይሰነጠቃል።

ሀ4፦ ኤአይቢኤን አራት እጥፍ፣ 0.80 ግራም። የሚጠበቀው ፍጥነት እጥፍ፣ ርዝመት ግማሽ ነው። በ60 ደቂቃ 42 በመቶ ተገኘ፤ የ15 ደቂቃው ናሙና 134 ሰከንድ፣ 70,000። ሥራውን ለማፋጠን አስጀማሪ የሚጨምር ሰው የሚከፍለው በርዝመት ነው። ሙቀት መጨመርም ተመሳሳይ ዋጋ አለው፤ የሰንሰለቱ እድገት በሙቀት ጥቂት ይፈጥናል፣ የአስጀማሪው መፍረስ ግን እጅግ ይፈጥናል፤ በ60 ዲግሪ ግማሽ ዕድሜው 20 ሰዓት ገደማ የሆነው በ70 ወደ 5 ሰዓት ይወርዳል። ስለዚህ ብዙ ሰንሰለት ይወለዳል፣ እያንዳንዱም ያጥራል።

6ኛ ቀን። ሐ፣ ያለ አሟሚ

ሞኖመር ብቻ፣ 0.5 በመቶ ኤአይቢኤን፣ 70 ዲግሪ። በአንድ ሰፊ የሙከራ ቱቦ 10 ሚሊ ሊትር፣ መሃሉ ላይ ቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ ሽቦ)። ከፊቱ መከላከያ መስታወት ቆሟል።

እስከ 35ኛው ደቂቃ ድረስ የሆነ ነገር ያለ አይመስልም። በ40ኛው ፈሳሹ ቱቦው ሲዘነበል እንደ ማር ቀስ ብሎ ይከተላል። በ48ኛው ቴርሞካፕሉ 74 አሳየ፤ በ53ኛው 85፤ ከዚያ በሁለት ደቂቃ ውስጥ 100 አለፈ። ውስጡ ፈላ፤ ፕላስቲኩ በአረፋ እንደ ተሞላ ዳቦ አብጦ በቱቦው አፍ ወጣና ደነደነ። መጽሐፉን ተከትሎ «እስከ 100 አይፈላም» ያለ ሰው አዲስ አበባ ላይ 8 ዲግሪ ቀድሞ ይያዛል።

የሆነው ትሮምስዶርፍና ኖሪሽ የተባሉ ኬሚስቶች በ1940ዎቹ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ያጠኑት የጄል ውጤት ነው። ድብልቁ ሲወፍር ረጃጅሞቹ ጫፎች ተንቀሳቅሰው እርስ በርስ መገናኘት ያቅታቸዋል፤ መሞቻ ያጣሉ። ትንሹ ሞኖመር ግን አሁንም በመካከላቸው ይሽሎከሎካል፤ እድገቱ ይቀጥላል። የሕያው ጫፍ ቁጥር ይበዛል፣ ፍጥነቱ ይንራል፣ ሙቀቱም ይከተላል። እያንዳንዱ ግራም ሞኖመር ሲለወጥ 570 ጁል ገደማ ይለቃል፤ መውጫ ያጣ እንደሆነ ድብልቁን ከ200 ዲግሪ በላይ ሊያሞቅ የሚችል ነው። በሀ ብልቃጦች ይህ ያልታየው ግማሹ ቶሉይን ስለነበረ ነው፤ ቶሉይኑ ያቀጥናል፣ ሙቀቱንም ይካፈላል።

በፕሌክሲግላሱ ሥራ ርዝመት በጊዜ የሚያድገው እዚህ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ በጄል ውጤት ወቅት የሚወለዱት ሰንሰለቶች ከቀደሙት በጣም ይረዝማሉ። የቀደሙት ግን ያው ናቸው።

ድጋሚ፦ 3 ሚሊ ሊትር ብቻ፣ ቀጭን ቱቦ፣ መጀመሪያ በ70 ዲግሪ ተሞቆ ሽሮፕ እስኪመስል፣ ከዚያ በረዶ፣ ከዚያ በ50 ዲግሪ ውሃ ለ20 ሰዓት፣ በመጨረሻ በ110 ዲግሪ ምድጃ 2 ሰዓት። የመጨረሻው ሙቀት የተመረጠው የዚህ ፕላስቲክ መለስለሻ 105 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ነው፤ ከዚያ በታች በደነደነው ውስጥ የታሰረ ሞኖመር መንቀሳቀሻ የለውም። ጥርት ያለ ዘንግ ወጣ። ቁመቱ ከፈሳሹ ቁመት በግልጽ አንሷል፤ ሞኖመር 0.94፣ ፖሊመር 1.18 ስለሚመዝን ይዘቱ በአንድ አምስተኛ ይጨማደዳል። ቱቦው መስታወት ከሆነ ያንን ሲጨማደድ አንዳንዴ ይሰነጥቀዋል።

7ኛ ቀን። ለ፣ ፖሊኤስተሩ

አዲፒክ አሲድ 29.23 ግራም፣ ዳይኢትሊን ግላይኮል 21.22 ግራም፤ ሁለቱም 0.200 ሞል። አፋጣኙ ፓራ ቶሉይን ሰልፎኒክ አሲድ 0.10 ግራም። ኬሚስቱ ፖል ፍሎሪ በ1930ዎቹ፣ እንደ ፈረንጆች፣ የፖሊኤስተርን ፍጥነት ያጠናው በእነዚሁ ዓይነት ጥንዶች ነው። እዚህ ሚዛን ላይ መቸኮል የለም። ግላይኮሉ በ1 በመቶ ቢበልጥ ርዝመቱ ከ201 አያልፍም፤ በ5 በመቶ ቢበልጥ ከ41። ሁሉም ጫፍ አልኮል (የግላይኮሉ ጫፍ) ይሆንና የሚያጋጥመው አሲድ ያጣል።

160 ዲግሪ፣ ዝግ ያለ ናይትሮጅን፣ ውሃ መቀበያ። አሲዱ በ10 ደቂቃ ሟሟ፤ ውሃው መንጠባጠብ ጀመረ። ናይትሮጅኑ ሲፈጥን ግላይኮሉንም ይዞ ይወጣል፤ በሰከንድ ሁለት አረፋ ይበቃል።

የሚቀዳው ናሙና በ20 ሚሊ ሊትር አሴቶንና ኢታኖል ይሟሟል፤ ፌኖልፍታሊን ጠብ ይልበትና በ0.1 ሞላር የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ኢታኖል ከቡሬት ይወርድበታል። ሐምራዊ ጽጌረዳ ቀለሙ ለ15 ሰከንድ ሲጸና ይቆማል፤ ቆይቶ ቢፈዝ ኤስተሩ ራሱ መፍረሱ ነውና አይቀጠልም። ከንባቡ ላይ ለአፋጣኙ አሲድ በግራም 0.12 ሚሊ ሊትር ይቀነሳል። መጀመሪያ ላይ ምንም ለውጥ አያመጣም፤ መጨረሻ ላይ ግን መርሳቱ ከባድ ስህተት ነው።

60 ደቂቃ፦ 0.5 ግራም፣ 5.5 ሚሊ ሊትር። ከአሲዱ 88 በመቶው ተያይዟል። አማካይ ርዝመት 8።
180 ደቂቃ፦ 1 ግራም፣ 4.25 ሚሊ ሊትር። 95.5 በመቶ። ርዝመት 22።
300 ደቂቃ፦ 1 ግራም፣ 2.88 ሚሊ ሊትር። 97 በመቶ። ርዝመት 33።

ቁጥሮቹ ከሀ2 ጋር ጎን ለጎን ይታዩ። በሀ2 5.5 በመቶ ብቻ ሲለወጥ ሰንሰለቱ በመቶዎች የሚቆጠር ርዝመት ነበረው። እዚህ 88 በመቶ ተለውጦ ርዝመቱ 8 ነው። ምክንያቱ እዚህ የተመረጠ ሕያው ጫፍ የለም፤ ማንኛውም አሲድ ከማንኛውም አልኮል ጋር ይያያዛል። አንድና አንድ ሁለት ይሆናሉ፣ ሁለትና ሁለት አራት፣ አራቱ ከሦስት ጋር ሰባት። አማካዩ ርዝመት 1 ሲካፈል ላልተያያዘው እጅ ነው፤ 90 በመቶ 10 ይሰጣል፣ 95 በመቶ 20፣ 99 በመቶ 100። ስለዚህ የሥራው ከባዱ ክፍል መጨረሻው ነው። የመጀመሪያው ሰዓት አብዛኛውን ውሃ ያወጣል፤ ርዝመቱን የሚያመጡት የመጨረሻዎቹ ጥቂት ጠብታዎች ናቸው። ከሚጠበቀው 7.2 ግራም ውሃ 6.6ቱ በመቀበያው ተገኘ፤ የቀረው በማቀዝቀዣው ግድግዳና በናይትሮጅኑ ሄዷል። ለዚህ ነው ርዝመቱ በውሃው ሳይሆን በታይትሬሽኑ (በቡሬቱ ልኬት) የሚሰላው።

14ኛ ቀን። እንደገና ማስነሳት

ሁለቱ ፖሊመሮች ለሳምንት ተቀምጠዋል። አሁን ሁለቱም እንደገና ይሞቃሉ።

ከሀ2 ጋር አንድ ሆኖ ለ60 ደቂቃ ብቻ ከተሠራ ሌላ ዝግጅት 1.00 ግራም ደረቅ ፖሊመር በ10 ሚሊ ሊትር ቶሉይን ሟሟ፤ በዕለቱ የታጠበ 10 ሚሊ ሊትር ሞኖመር ተጨመረ፤ ኤአይቢኤን አልገባም። 30 ደቂቃ ናይትሮጅን፣ ከዚያ 70 ዲግሪ ለ3 ሰዓት። በሜታኖል ወጥቶ ደርቆ 0.99 ግራም። ቪስኮሜትሩ ከመሞቁ በፊትም በኋላም 148 ሰከንድ ነው። በዙሪያው ያን ሁሉ ሞኖመር ይዞ አንድም አልጨመረም።

ፖሊኤስተሩ 160 ዲግሪ ላይ ተመልሶ ለ2 ሰዓት ቆየ፤ በዚህ ጊዜ በናይትሮጅን ፋንታ ቫኪዩም ተሳበበት። መጀመሪያ በደንብ አረፋ ስላወጣ ግፊቱ በ15 ደቂቃ ውስጥ ቀስ በቀስ ነው የወረደው፤ በአንዴ ቢሳብ ሙሉው ወደ ቱቦው ይወጣል። ማማሰያው ከመጀመሪያው ፍጥነት በግማሽ መዞር ጀመረ። 1 ግራም፣ 1.60 ሚሊ ሊትር። 98.4 በመቶ፤ ርዝመት 62።